ሲታጠብ የሚውል ልጅ

እናቶች ሆይ፤ ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ ቤት መልስ እጅን በሳሙና መታጠብ በሽታን ይከላከላል። ለዚህም 20 ሰኮንድ ያህል አሽቶ መታጠብ ይበቃል። ዳሩ ግን ውሃ በጀሪካን ተቀድቶ በቁጠባ በሚያዝበት ቤት እንኳ፣ በጁገል ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ፣ መታጠብ የማይበቃው ልጅ ሊኖር ይችላል። እጁ ተሰነጣጥቆ ሳለ «ገና አልጠራሁም» ይላል።

ይህ ንጽሕና መውደድ አይደለም፤ እልኸኝነትም ቅብጠትም አይደለም፤ ሕመም ነው። ልጁ ሳይወድ አስፈሪ ሐሳብ ይመላለስበታል፤ ሐሳቡን ለማብረድ አንዱን ነገር ይደጋግማል። ጥቂት ቀለል ይለውና ወዲያው ይመለስበታል። አንዱ ልጅ በሩ መቆለፉን አሥር ጊዜ ያያል፤ ሌላው ውዱኡን ወይም ጸሎቱን እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ታዲያ ጉዳቱ በምን ይለካል? በልጁ የቀን ውሎ ነው። በአሜሪካ አገር ጆን ፒያሴንቲኒና ባልደረቦቻቸው በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሕመሙ ልጁን በትምህርት ቤት፣ በቤትና በጓደኞቹ መካከል ምን ያህል እንዳወከው ወላጆችንም ልጆችንም ጠይቀዋል። እናንተም ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ እነዚህን አራት ነገሮች ተመልከቱ፦

1ኛ/ መታጠቡ ወይም መደጋገሙ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደበት ወይ?
2ኛ/ ለትምህርት ቤት አስረፈደው፣ ወይስ ጽሕፈቱን አላስጨርስ አለው?
3ኛ/ ከማዕድ፣ ከእንቅልፍ ወይም ከመላላክ አገደው ወይ?
4ኛ/ ከሰፈር ልጆች ጋር መጫወቱን አስተወው ወይ?

አዎን ለሆነው ሁሉ አንድ አንድ ጠጠር በጣሳ ጣሉ፤ መጻፍ የምትችሉ በደብተር ያዙት። ሕመሙን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ የእናንተ ቁጥር ግን ለሐኪሙ ብዙ ነገር ያስረዳዋል። ልጁን ለማረጋጋት ብላችሁ ልብሱን ደጋግማችሁ የምታጥቡ፣ «ጠርተሃል» እያላችሁ ስትመልሱለት የምትውሉ እንደሆነም ይህንኑ ንገሩት።

ልጁን አትምቱት፤ አትሳቁበትም። ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወይም የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ውሰዱት። ሕክምናው ልጁ ፍርሃቱን ሳይታጠብ ችሎ እንዲያሳልፍ ቀስ በቀስ ማለማመድ ነው፤ ካስፈለገም ሐኪሙ መድኃኒት ያዝዛል።

ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ እንደገና ቁጠሩ። ጠጠሩ ሲጎድል፣ ልጁም በጊዜው ትምህርት ቤት ሲደርስና ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት ስታዩ፣ ያን ጊዜ ሕመሙ እየቀለለለት ነው። በተገቢው ጊዜ እጅ መታጠብን ግን ለሁሉም ልጆቻችሁ ማስተማራችሁን አትተዉ።