ዋናውንና ግልባጩን ስለ ማመሳከር

የነጋዴ ሂሳብ የሚታመነው ዋናው መዝገብና ግልባጩ ሲስማሙ ነው። ዛሬ ግን ፋክቱሩም፣ ዲክላራሲዮኑም፣ የዕቃው ዝርዝርም በኮምፒዩተር ማኅደር ስለሚቀመጥ፣ በሺህ ከሚቈጠሩት ፋይሎች አንዱ ቢለወጥ ወይም ቢጠፋ በዓይን ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ለዚህ ሥራ «ዲፍ» የሚባል ትእዛዝ አለ። ይህም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ ለዩኒክስ የተሠራ ሲሆን፣ ዛሬ በሊኑክስና በማክ ኮምፒዩተሮች ይገኛል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በትእዛዝ መጻፊያው መስኮት የትእዛዙ ስም በላቲን ፊደል፣ በሁለት «ኤፍ» ተጨርሶ ይጻፋል፤ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ተትቶ፣ ከአንድ ሰረዝ ጋር «አር» እና «ኪው» የተባሉት ትንንሽ ፊደላት ይከተላሉ፤ በመጨረሻም የዋናው ማኅደር ስምና የግልባጩ ስም በተራ ይጻፋሉ። «አር» በውስጥ ያሉት ንኡሳን ማኅደሮች ሁሉ እንዲመረመሩ፣ «ኪው» ደግሞ ዝርዝሩ ቀርቶ የተለያዩት ፋይሎች ስም ብቻ እንዲነገር ያዝዛሉ።

መልሱ ሦስት ዓይነት ነው። አንዳች ካልጻፈ፣ ሁለቱ ይስማማሉ ማለት ነው። ፋይሉ በአንደኛው ብቻ ከተገኘ፣ ያለበትን ማኅደር ይጠቅሳል። በሁለቱም ኖሮ ይዘቱ ከተለያየ፣ መለያየቱን ያስታውቃል።

ይሁን እንጂ ትእዛዙ ልዩነትን ያሳያል እንጂ የትኛው እውነተኛ እንደ ሆነ አይፈርድም። ስለዚህ የተበላሸው በደኅናው ላይ እንዳይገለበጥ፣ አስቀድሞ ከወረቀቱ ደረሰኝ ጋር ማመሳከር ይገባል። ግልባጭ የሚጠቅመው ከዋናው ጋር ሲመሳከር ነውና።