መልቲ ሜትር፦ ሥራ ላይ ያለን መስመር መለካት

ባለሙያዎች በተለምዶ ‹ቴስተር› የሚሉት መልቲ ሜትር ከቦሳ አዲስ እስከ አጋሮ በየጋራዡና በየኤሌክትሪክ ጥገና ቤቱ የሚገኝ መሣሪያ ነው። የአምፒር፣ የቮልትና የኦም መለኪያዎችን በአንድ ሣጥን ያዋሐደው በእንግሊዝ ፖስታ ቤት መሐንዲስ የነበረው ዶናልድ ማካዲ ሲሆን፣ መሣሪያው ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ዛሬ ዋጋው ረክሶ ተማሪም ሊገዛው ይችላል። መግዛቱ ግን ከአጠቃቀሙ የቀለለ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ የተለመደ ችግር እንውሰድ። ምሽት ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ አልግል ይላል። የተጠራው ሠራተኛ ምጣዱን ነቅሎ ሶኬቱን ሲለካ 218 ቮልት ያገኛል፤ ‹መስመሩ ደህና ነው፣ ጥፋቱ የምጣዱ ነው› ብሎ ይሄዳል። አዲስ ምጣድ ይገዛል፤ እሱም አይግልም። መልቲ ሜትሩ አልዋሸም፤ የተለካው ግን ምንም ሥራ የማይሠራ መስመር ነው።

የአንድ ደህና ዲጂታል መልቲ ሜትር ውስጣዊ ረዚስታንስ በቮልት መለኪያው ላይ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊዮን ኦም ነው። በ220 ቮልት በውስጡ የሚያልፈው ኮረንት 22 ሚሊዮንኛ አምፒር ብቻ ይሆናል። በመስመሩ ላይ አንድ ተኩል ኦም የሚጨምር የላላ መጋጠሚያ ቢኖር፣ በዚህ ኢምንት ኮረንት የሚጠፋው ቮልት በሰሌዳው ላይ ፈጽሞ አይታይም። 3500 ዋት የሚፈጅ ምጣድ ግን ረዚስታንሱ 14 ኦም ያህል ስለሆነ ወደ 16 አምፒር ይስባል። ስለዚህ ምጣዱ እየሠራ ሳለ በዚያው መስመር ላይ ያለውን የጎን ሶኬት እንለካ። 218 የነበረው ወደ 196 ወረደ እንበል። በመንገድ የቀረው 22 ቮልት በ14 አምፒር ሲባዛ 308 ዋት ይሆናል። ይህ ሙቀት በረጅም ሽቦ ላይ የተበታተነ ከሆነ ጉዳቱ የምጣዱ ኃይል በአንድ አምስተኛ መቀነሱ ነው። በአንዲት የላላች ብሎን ሥር የተከማቸ ከሆነ ግን ፕላስቲኩን አቅልጦ ቤት ሊያቃጥል ይችላል። የሶኬቱ ሽፋን ከሞቀ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ ልኬቱ ይቅርና ዋናው ብሬከር ይውረድ።

ይኸው ሕግ በመኪና ላይ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ሞተሩ ጠፍቶ ለጥቂት ሰዓታት ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ ሙሉ ከሆነ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህሉ አልቋል። ሞተሩ ሲነሣ ከ13.8 እስከ 14.5 ካልደረሰ ዲናሞውን ወይም ሽቦውን መመርመር ያስፈልጋል። ነገር ግን ባትሪው 12.6 እያሳየ ሞተሪኖው ‹ጠቅ› ብሎ ብቻ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ባትሪ ከመግዛት በፊት አንዱን የመለኪያ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሪኖው መግቢያ ላይ አድርጎ፣ ረዳት ቁልፉን ሲያዞር ማንበብ ይገባል። ንባቡ ግማሽ ቮልትና ከዚያ በታች ከሆነ ገመዱ ደህና ነው። 2 ቮልት ከሆነ ሞርሴቶው ዝጓል ወይም ገመዱ ከውስጥ ተበልቷል። የኔጌቲቩ ወገንም ከባትሪው እስከ ሞተሩ አካል እንዲሁ ይለካል፤ ብዙዎች የሚዘነጉት ይህንን ነው።

‹ረዚስታንሱን በኦም ክልል በቀጥታ ለምን አንለካም?› የሚል ተማሪ ሊኖር ይችላል። ሞተሪኖው 150 አምፒር ሲስብ 2 ቮልት የሚያጠፋው ረዚስታንስ 0.013 ኦም ብቻ ነው። የመልቲ ሜትሩ የራሱ ገመዶች ግን ከ0.2 ኦም በላይ ሊኖራቸው ይችላል፤ የምንፈልገው በዚያ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። ትልቁን ኮረንት በአንድ መንገድ አሳልፎ ቮልቱን በሌላ ጥንድ ሽቦ የማንበብ ዘዴ በቤተ ሙከራ በሎርድ ኬልቪን ስም ይጠራል። የጋራዡ ሠራተኛ በቁልፍና በሞተሪኖ የሚያደርገው ያንኑ ነው።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ያለው በአምፒር ቀዳዳው ላይ ነው። እዚያ የመሣሪያው ረዚስታንስ ከአንድ ኦም እጅግ ያነሰ ነው፤ ኮረንቱ ሳይደናቀፍ እንዲያልፍ ሆኖ ተሠርቷልና። ባለፈው ልኬት ቀዩን ገመድ በ10 አምፒር ቀዳዳ ትቶ ዛሬ ሶኬት የሚለካ ሰው፣ ፌዝንና ኒውትራልን በእጁ እንዳገናኘ ይቆጠራል። በብዙ ርካሽ መልቲ ሜትሮች ይህ ቀዳዳ ፊውዝ እንደሌለው በፊታቸው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ገዢ የተግባሮቹን ብዛት ከመቁጠር ይልቅ የሚከተለውን ይይ፦ ለሶኬት ዕቃዎች ‹ካት 2›፣ ለብሬከር ሰሌዳና ለቡና መፈልፈያ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር (በፌዞቹ መካከል 380 ቮልት አለ) ‹ካት 3 600 ቮልት›፣ እንዲሁም በሁለቱም የአምፒር ቀዳዳዎች የሴራሚክ ፊውዝ። ምልክቱ በመለኪያ ገመዶቹም ላይ መኖር አለበት።

እዚህ ላይ ለአገራችን የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። የእነዚህ መሣሪያዎች ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ነው፤ ቀጭን አየር ብልጭታን የመከልከል ኃይሉ ያንሳልና። ጅማ ከተማ ከዚህ በታች ናት፤ አዲስ አበባ ግን በላይ ናት። በደጋ የሚሠራ ሰው መመሪያውን አንብቦ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ቢመርጥ ይበጃል።

የምጣድንም ሆነ የሞተሪኖን ኮረንት በ10 አምፒር ቀዳዳ መለካት አይቻልም፤ ሽቦውን ሳይቆርጥ የሚያቅፍ መለኪያ ያስፈልጋል። እሱም ሲገዛ ይጠየቅ፦ በትራንስፎርመር ሕግ ብቻ የሚሠራው ዓይነት የቤቱን ተለዋዋጭ ኮረንት እንጂ የባትሪውን ቀጥተኛ ኮረንት አያነብም፤ ለመኪና የሆል ሴንሰር ያለው ይፈለጋል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየከተማው እየታየ ነው። የእነዚህ ዋና ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ300 ቮልት በላይ ቀጥተኛ ኮረንት ይይዛል። የቤታችን ተለዋዋጭ ኮረንት በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ ብልጭታው የመጥፋት ዕድል አለው፤ የዚህኛው ግን አንዴ ከተነሣ በቀላሉ አይጠፋም። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች፣ ሥልጠናና የተለየ ጓንት ለሌለው ሰው በመልቲ ሜትርም ቢሆን አይነኩም። ባለ 12 ቮልቷን ትንሿን ባትሪ ግን ከላይ በተገለጸው መንገድ መለካት ይቻላል፤ የኤሌክትሪክ መኪናም ‹አልነሣም› ሲል ብዙ ጊዜ የደከመችው እሷ ናት።