ርኅራኄና ምርመራ
በሕዝብ ርዳታ ሥራ የጥናት ማስረጃ ስለሚሰጠው ጥቅም

ችግረኛን መርዳት በሃይማኖትም በልማድም የታዘዘ ምግባር ስለሆነ ስለ መልካምነቱ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ዕድሩ ሐዘንተኛውን ያጽናናል፤ ጎረቤት ለጎረቤቱ ይደርሳል፤ መንግሥትም በበኩሉ ለታመመው ሕክምና፥ ለተራበው እህል፥ ሥራ ላጣው ሥራ ለማዘጋጀት ይደክማል። ነገር ግን ርዳታው ከግለሰብ እጅ ወጥቶ በመዝገብና በበጀት የሚመራ ሥራ በሆነ ጊዜ አንድ ጥያቄ አብሮት ይወለዳል። ይኸውም «ይህ ርዳታ በእውነት ይረዳልን?» የሚለው ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ ከርኅራኄ ብቻ አይገኝም፤ ምርመራ ያስፈልገዋል። ያለ ምርመራ የሚሰጥ ምስክርነት ምን ያህል እንደሚያሳስት «ሳያጣሩ ወሬ፥ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚለው ተረት በአጭሩ ያስረዳል።

ለዚህ ነገር በዓለም ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት፥ በካምብሪጅና በሶመርቪል ከተሞች የተፈጸመው ነው። በ1939 እ.ኤ.አ. ልጆች በወንጀል መንገድ እንዳይሄዱ ለመጠበቅ አንድ ታላቅ የርዳታ ሥራ ተጀመረ። 506 ወንዶች ልጆች በዕድሜና በኑሮ የሚመሳሰሉት ሁለት ሁለት እየሆኑ ከተጣመሩ በኋላ፥ ከየጥንዱ ማን ርዳታውን እንደሚያገኝ ሳንቲም ወደ ላይ እየተጣለ ተወሰነ። ለ253ቱ መካሪ ተመደበላቸው፤ ትምህርት ለከበደው አስጠኚ፥ ለታመመው ሐኪም ተፈለገ፤ በዕረፍት ጊዜም ወደ ካምፕ ተላኩ። ለቀሩት 253 ግን የተለየ ነገር አልተደረገላቸውም።

ሥራው ካበቃ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ጆን ማኮርድ የተባሉት ሴት ተመራማሪ እነዚያን ሰዎች እየፈለጉ ኑሯቸውን መረመሩ። በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጡት ውጤት ብዙዎችን አስደነገጠ። ከተረዱት ብዙዎቹ «ርዳታው ጠቅሞናል» ብለው መስክረው ነበር። ከዚያኛው ወገን ጋር ሲነጻጸሩ ግን በወንጀል ረገድ የተሻሉ ሆነው አልተገኙም፤ በመጠጥ፥ በአእምሮ ሕመምና በዕድሜ ማጠር ረገድ እንዲያውም የባሱ ሆነው ተገኙ። መካሪዎቹ ልባቸው ቅን ነበረ፤ ድካማቸውም እውነተኛ ነበረ። ሆኖም ለንጽጽር የተቀመጡት ልጆች ባይኖሩ ኖሮ፥ ይህ ሥራ እስከ ዛሬ ድረስ የመልካም ርዳታ አርአያ ተብሎ በየአገሩ ይገለበጥ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት፥ ሪፖርትና የጥናት ማስረጃ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ሪፖርት የተሰጠውን ይቈጥራል፤ ይህን ያህል ኩንታል ታደለ፥ ይህን ያህል ሰው ተሰበሰበ፥ ይህን ያህል ገንዘብ ወጣ ይላል። ጥናት ግን የተለወጠውን ይፈልጋል፤ ርዳታው ባይሰጥ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎም ይጠይቃል። እህል በታደለበት ዓመት ዝናቡ ደግ ከሆነ፥ የሕዝቡ መሻሻል ከእህሉ ይሁን ከዝናቡ በሪፖርት ሊታወቅ አይችልም። ሊታወቅ የሚችለው ያንኑ ዝናብ ካገኙት፥ ርዳታው ግን ካልደረሳቸው ሰዎች ጋር ሲነጻጸር ነው።

ለዚህ አካባቢ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ከጅቡቲ ከተማ ይገኛል። ጅቡቲ የምድር ባቡሩ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ከመድረሱም በፊት ጀምሮ በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የታወቀች ከተማ ናት። ዋራበሌን በመሳሰሉት የከተማይቱ ሠፈሮች ለሚኖር ችግረኛ ቤተሰብ የዕለት ኑሮው በወደቡና በንግዱ ዙሪያ በሚገኝ የቀን ሥራ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፥ ከቤት ውጭ በደመወዝ የሚሠሩ ሴቶች ቍጥር ግን አነስተኛ ነው። በዚህ ምክንያት ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ልጅ ባለባቸው ቤቶች ለሚገኙ ሴቶች የአጭር ጊዜ ሥራ በደመወዝ እንዲሰጥ፥ ከዚህም ጋር የአመጋገብ ትምህርት እንዲታከልበት ታስቦ በከተማይቱ በአንድ ችግረኛ አካባቢ ሥራው ተጀመረ። የሥራው ዕድል የደረሳቸው በዕጣ ስለነበር፥ ካልደረሳቸው ጋር ለማነጻጸር ተቻለ።

ውጤቱ በ1917 ከተከፈተው የባቡር መንገድ መቶ ዓመት በኋላ፥ በ2017 እ.ኤ.አ. በዓለም ባንክ የምርምር ጽሑፍ ታትሞ ወጣ። ሴቶቹ የተሰጣቸውን ሥራ በብዛት ተቀበሉ። እንግዲህ «ሴቶች ከቤት ወጥተው ለመሥራት አይፈቅዱም» የሚለው ግምት በዚህ ስፍራ ትክክል ሆኖ አልተገኘም። ሆኖም የአጭር ጊዜው ሥራ ካለቀ በኋላ አብዛኞቹ ወደ ቤት ሥራቸው ተመለሱ፤ ሥራውን መልመዳቸው ብቻውን ዘላቂ ሥራ አላስገኘላቸውም።

በዋራበሌ ያለ አንድ የአስተዳደር ሠራተኛ ተመሳሳይ ሥራ እንዲያቅድ ቢታዘዝ፥ ከዚህ ጥናት የሚያገኘው ጥቅም እንደ አጠያየቁ ይለያያል። ሥራው በሚካሄድበት ወር መጥቶ የሚሠሩትን ሴቶች ቢቈጥር፥ ዕቅዱ በሙሉ ተሳካ ብሎ ይጽፋል። ሥራው ካለቀ ከብዙ ጊዜ በኋላ መጥቶ ቢቈጥር ደግሞ፥ ዕቅዱ ከንቱ ሆነ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሁለቱም ፍርድ የተቻኰለ ነው። ማስረጃው የሚለው፥ እንዲህ ያለው ሥራ ከዓላማዎቹ ለአንዱ ይረዳል፥ ለሌላው ግን ብቻውን አይበቃም ነው። ዓላማው እናቲቱ ሕፃን በያዘችበት የችግር ወራት ደመወዝ እንድታገኝ ከሆነ፥ ሥራው ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ዓላማው ግን ዘላቂ ሥራ እንድታገኝ ከሆነ፥ የሚቀጥራት ገበያ አለ ወይ፥ ሕፃኑንስ ማን ይጠብቅላታል የሚለው ጥያቄ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት መልስ ማግኘት አለበት።

ማስረጃ አንድን ሥራ ለመሻር ብቻ ሳይሆን ለማረምም እንደሚያገለግል የኢትዮጵያ የምግብ ዋስትና ሥራ ያሳያል። ለብዙ ዓመታት ዝናብ በጠፋ ቍጥር እህል ከውጭ ይለመን፥ ብዙውንም ጊዜ ዘግይቶ ይደርስ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ይህን ልማድ ለመለወጥ የታቀደ ነው። መጀመሪያ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን ያቀፈ ሲሆን፥ ጕልበት ያለው በእርከን፥ በመንገድና በመሳሰለው የልማት ሥራ ተሠማርቶ ክፍያ እንዲያገኝ፥ አረጋዊና ሕመምተኛው ግን ያለ ሥራ እንዲረዳ ተደነገገ። ዓለም አቀፍ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋምም ከማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ጋር ሆኖ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየጊዜው ቤተሰቦችን እየጠየቀ መረመረ።

የመጀመሪያው ምርመራ ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። በአማካይ ሲታይ የተገኘው ለውጥ ጥቂት ሆነ። ለዚህም ከምክንያቶቹ አንዱ ቤተሰቡ በእጁ የተቀበለው መጠን በዕቅዱ ከተወሰነው ያነሰ መሆኑ ነው። የታቀደውን ያህል ያገኙት ግን የተሻለ ኑሮ አሳይተዋል። በዚህ ጊዜ «ፕሮግራሙ አይረባም» ብሎ መዝጋት ቀላል ነበር፤ ይሁን እንጂ ጕድለቱ በሐሳቡ ላይ ሳይሆን በአፈጻጸሙ ላይ መሆኑን ጥናቱ ለይቶ አሳየ። ዘግይቶ በተደረገው ምርመራ፥ በልማት ሥራው ለአምስት ዓመት የቈዩት ቤተሰቦች ለአንድ ዓመት ብቻ ከተካፈሉት ጋር ሲነጻጸሩ፥ በዓመት ውስጥ የምግብ እጥረት የሚያዩበት ጊዜ በ1.29 ወር ያህል ቀነሰላቸው። ባለ እርሻ ለሆነ ሰው፥ በክረምት ጎተራው ባዶ በሆነበት ወራት አንድ ወር ከሳምንት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም።

ያው ምርመራ ያልተሳካውንም አልሸሸገም። ከ2008 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ያለው ዘመን ሲታይ፥ ፕሮግራሙ የሕፃናትን መቀጨጭና መክሳት ለመቀነሱ ማስረጃ አልተገኘም። የሕፃናቱ ምግብ ጥራጥሬ፥ አትክልትና ወተት የጐደለው ነበር፤ አብዛኞቹ እናቶች ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር አልተገናኙም፤ ውኃ አፍልቶ መጠጣትም አልተለመደም ነበር። እንግዲህ በቤት ውስጥ እህል መግባቱ ሕፃኑ በልቶ ለመፋፋቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም ማለት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ክፍል ለእናቶችና ለሕፃናት አመጋገብ የበለጠ ትኵረት ተሰጥቷል፤ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም ለጊዜው ከጕልበት ሥራ ነፃ ሆነው እንዲረዱ ተወስኗል።

አንዳንድ ሰዎች «ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው መከልከል፥ ያውም ለማነጻጸር ተብሎ፥ ግፍ አይደለምን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በቂ ገንዘብ እያለ የተረጋገጠ መድኃኒትን ለምርምር ሲሉ መከልከል በእርግጥ ግፍ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ለሁሉ በማይዳረስበት ጊዜ አንዱ ከሌላው መቅደሙ የማይቀር ስለሆነ፥ ዕጣ ከምልጃና ከዝምድና ይልቅ ፍትሐዊ ነው። በአዲስ አበባ የከተማ ሴፍቲኔት ሥራ በተጀመረ ጊዜ ቀድመው የሚገቡት ወረዳዎች በዕጣ ተለይተዋል። ይህም ለፍርድም ለጥናትም በአንድነት ጠቀመ፤ የዘገየው ወረዳ ተራውን ሲጠብቅ፥ የቀደመው ያገኘው ጥቅም በንጽጽር ታወቀ።

ከዚህ ሁሉ ጋር፥ ማስረጃ ማለት የወረቀት ትእዛዝ ማለት አለመሆኑን መረዳት ይገባል። በሕክምና ትምህርት ስሙ የታወቀው ዴቪድ ሳኬት ከባልደረቦቹ ጋር በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፥ መልካም ውሳኔ የሚሰጠው የተሻለው የጥናት ማስረጃ ከሐኪሙ የሥራ ልምድ ጋር ሲዋሐድ፥ የታማሚውም ሁኔታና ፈቃድ ሲታይ መሆኑን አስረድቷል። ይህ ሐሳብ ከሕክምና አልፎ ወደ ማኅበራዊ አገልግሎት ገብቷል። ነገሩ በሦስት ጕልቻ ላይ እንደተጣደ ድስት ነው፤ አንዱ ጕልቻ ከተነሣ ድስቱ ይደፋል። ጥናቱን ብቻ ይዞ የሠፈሩን ጠባይ የማያውቅ ሠራተኛ ይስታል፤ በልምዱ ብቻ የሚመካም የትናንት ስሕተቱን ሃያ ዓመት ይደጋግማል። የሚረዳው ሰው ሐሳብ ካልተጠየቀ ደግሞ፥ ችግሩ ሳይታወቅ መፍትሔው ሊታደል ይችላል። «ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ይባላልና፥ ባለቤቱ የሚጮኸው ስለ ምን እንደሆነ መስማት የመጀመሪያው ሥራ ነው።

እንግዲህ በወረዳም ሆነ በቀበሌ የርዳታ ሥራ የሚመራ ሰው ከመወሰኑ በፊት የሚከተሉትን አምስት ጥያቄዎች ቢጠይቅ ይጠቀማል።

1ኛ፤ ችግሩ በትክክል ምንድን ነው? «ሕዝቡ ተቸግሯል» ማለት በቂ አይደለም። ማን፥ በየትኛው ወር፥ ምን አጣ ተብሎ መለየት አለበት።

2ኛ፤ ይህ ሥራ በሌላ ስፍራ ተሞክሮ ምን ውጤት አሳየ? ውጤቱስ የታወቀው ርዳታ ካላገኙት ጋር ተነጻጽሮ ነውን?

3ኛ፤ ያ ስፍራ ከዚህኛው በምን ይመሳሰላል፥ በምንስ ይለያል? ለገበሬ የተስማማ ሥራ ለወደብ ከተማ ላይስማማ ይችላል።

4ኛ፤ የሚረዱት ሰዎች ምን ይላሉ? በተለይ በስብሰባ ላይ የማይናገሩት፥ እንደ እናቶችና እንደ አካል ጕዳተኞች ያሉት ተጠይቀዋልን?

5ኛ፤ ሥራው መርዳት አለመርዳቱ መቼና በምን ይታወቃል? ይህ ከመጀመሪያው ካልተጻፈ በመጨረሻ ሁሉ ነገር «ተሳክቷል» ይባላል።

ለዚህ ሥራ ትልቅ ገንዘብ ወይም የውጭ ሊቅ መጠበቅ ግድ አይደለም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የጥቂት ቤተሰቦችን ሁኔታ መዝግቦ፥ ካለቀ ከስድስት ወርና ከዓመት በኋላ ተመልሶ መጠየቅ፥ ተራቸውን የሚጠብቁትንም በዚያው መዝገብ ማካተት ለማንኛውም ጽሕፈት ቤት የሚቻል ነው። የሚከብደው ውጤቱ ያልተጠበቀ ሆኖ ሲገኝ እንዳለ ጽፎ ለበላይ ማቅረብ ነው። የበላይ ሹምም በበኩሉ እውነተኛውን ጽሑፍ ያመጣውን ሠራተኛ ከመገሠጽ ይልቅ ሊያመሰግነው ይገባል፤ ያለዚያ በሚቀጥለው ዓመት የሚቀርብለት ሪፖርት ያማረ እንጂ የታመነ አይሆንም።

በጀት ሲባክን የሚጠፋው የመንግሥት ገንዘብ ብቻ አይደለም። ለማይረዳ ሥራ የዋለው ብር ለሚረዳው ሥራ ሊውል ይችል ነበርና፥ የዚያ ስሕተት ዋጋ የሚከፈለው ስሙ በመዝገብ ላይ ባልሠፈረ ችግረኛ ነው። ርኅራኄ በሩን ያስከፍታል፤ ገብቶ የሚረዳው እጅ ግን የሚሠራውን ማወቅ አለበት።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፤ በዚህ ከተማ ካሉት የርዳታ ሥራዎች አንዱን መርጡ። ሥራው የሰጠው ምንድን ነው? የለወጠውስ ምንድን ነው? ሁለተኛውን ለማወቅ ማን መጠየቅ አለበት?