የሸማኔው ቀን ዋጋ፦ ሽመናን ወደ ንግድ የማሸጋገር አሠራር

ሽመና በቁመት የሚዘረጋውን ድር በአግድም ከሚወረወረው ማግ ጋር አጋጥሞ ልብስ የማውጣት ሙያ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳና የዶርዜ ሸማኔዎች በመጡበት በጋሞ ደጋ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ ሙያውን አሳምሮ የያዘ ሸማኔ ሁሉ ከሙያው ያተርፋል ማለት አይደለም፤ የክሩን ዋጋ እስከ ሳንቲሙ የሚያውቀው ባለሙያ የራሱን ቀን ሲቆጥር እምብዛም አይታይምና። ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» እያለ ሲያንቋሽሽ የኖረው ኅብረተሰብ ለዚህ ተጠያቂ ነው፤ ሙያው የተናቀበት ሰው ለድካሙ ዋጋ ለመጥራት ይሳቀቃል።

ስለዚህ ሽመናን ወደ ንግድ የማሸጋገሩ ሥራ የሚጀምረው ከመዝገብ ነው። ሸማኔው እግሩን አስገብቶ በሚሠራበት ጉድጓድ አጠገብ አንድ ደብተር ይቀመጥና፣ ድሩ ከተደራበት ዕለት አንስቶ ልብሱ ተቆርጦ እስኪወርድ ድረስ የገባው ክር፣ የፈጀው ቀንና የረዳው ሰው ሁሉ ይጻፍበታል። ሦስት አራት ልብስ እንዲህ ከተመዘገበ በኋላ የአንዱ ልብስ እውነተኛ ወጪ ይታወቃል።

ቀጥሎ ዋጋ ይወጣል። ለማስያ ያህል፣ ጥለት ያለው አንድ ነጠላ የ950 ብር ክር ፈጅቶ በ4 ቀን ቢያልቅ፣ የሸማኔው የቀን ሂሳብም 400 ብር ቢባል፣ ድካሙ ብቻ 1,600 ብር ይሆናል፤ ማጉን በቀሰም ላይ ላጠነጠነው ረዳት 100 ብር፣ ለመሣሪያ እርጅና 50 ብር ሲታከልበት ጠቅላላ ወጪው 2,700 ብር ይደርሳል። ይህን ነጠላ ለነጋዴ በ2,200 ብር የሸጠ ሸማኔ ከክሩ ዋጋ በላይ 1,250 ብር በእጁ ስለሚገባ ያተረፈ ይመስለዋል፤ በእርግጥ ግን 500 ብር ከስሯል። የረዳቱ ሂሳብ በተለይ ሊዘለል አይገባም፤ ቀሰም የሚያጠነጥነው ብዙ ጊዜ የቤቱ ልጅ ነውና፣ ልጁ ከትምህርት ገበታ ቀርቶ ያለ ክፍያ በሠራው ሥራ የረከሰ ልብስ ዕዳው በልጁ ላይ ይቀራል።

ዋጋው ቢታወቅም፣ ክሩን በዱቤ እያቀረበ ልብሱን ራሱ በቆረጠው ዋጋ የሚረከብ ነጋዴ እስካለ ድረስ ሸማኔው ዋጋ መጥራት አይችልም። ከዚህ ለመውጣት ቢያንስ ለሁለት ልብስ የሚበቃ የራስ ክር መያዝ ያስፈልጋል፤ ለዚህም እቁብ፣ ማለትም አባላቱ በየጊዜው እኩል እያዋጡ በየተራ የሚወስዱት ገንዘብ፣ ዕጣው ሲወጣ ለሌላ ጉዳይ ሳይነካ ለክር መግዣ ቢውል ይጠቅማል። የክሩ ገንዘብ ከቤቱ ወጪ ጋር በአንድ ኪስ እንዳይቀመጥ መጠንቀቅም የዚሁ ሥራ አካል ነው።

በፋብሪካ ተሠርቶ ከውጭ የሚገባው አስመሳይ የሐበሻ ልብስ በርካሽነቱ ስለሚያሸንፍ፣ ከእርሱ ጋር በዋጋ መሽቀዳደም ከንቱ ድካም ነው፤ የእጅ ሥራ የሚመረጠው በጥራቱና በልዩነቱ ነው። ጥራት ደግሞ ይፈተናል፦ ባለቀለም የጥለት ክር ከመሸመኑ በፊት በሞቀ ውሃ ተነክሮ በነጭ ጨርቅ ይታሻል፣ ቀለሙ ከለቀቀ ክሩ ይመለሳል፤ በመጀመሪያው እጥበት ነጩን ልብስ የሚያበላሽ ጥለት ደንበኛውን ከነዘመዶቹ ያርቃልና። ልኩም በክንድ ብቻ ሳይሆን በሜትር ይያዛል፤ የአንዱ ሰው ክንድ ከሌላው ይለያል።

ገዢን ለማብዛት ሕጋዊ ፈቃድም ይረዳል፤ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 የሚመራ ሲሆን፣ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለው ሸማኔ ደረሰኝ ለሚጠይቁ ሱቆችና ድርጅቶች መሸጥ ይችላል።

ገበያው በዘመን መለወጫ፣ በጥምቀት፣ በፋሲካና በሠርግ ወራት ስለሚደራ፣ ለመስከረም የሚሸጠው ልብስ በሰኔ ድሩ ሊደራ ይገባል። በአሜሪካና በአውሮፓ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሚመጣ ትእዛዝም ከእነዚሁ በዓላት ጋር ስለሚገጥም፣ ከመቀበሉ በፊት መላኪያውን የሚከፍለው ወገን፣ የመረከቢያው ቀንና የቅድሚያ ክፍያው በጽሑፍ ይወሰናሉ፤ ከተስማሙበት ጥለት ላይም ስንዝር የምታህል ቁራጭ ተሸምና፣ የክሩ ዓይነትና የቀለሙ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ታስሮባት፣ በሸማኔው ዘንድ ትቀመጣለች።