የኮሎኝ ካርኒቫል፦ ቅበላ አደባባይ ሲወጣ

ሁዳዴ ሊገባ ሲል በየቤታችን ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። በግ ይታረዳል፣ ዶሮ ይሠራል፣ ሠርግ ያለበት ይጣደፋል፣ ዘመድ ከዘመድ ይጠራራል። ቅበላ ነው። የጀርመኗን ከተማ ኮሎኝን የድሮ የዶቼ ቬሌ አድማጮች በስም ያውቋታል፤ ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ቦን እስኪዛወር ድረስ መቀመጫው እዚያ ነበር። በዚያች የራይን ወንዝ ዳር ከተማ ቅበላ ከቤት ወጥቶ ጎዳናውን ይሞላዋል። ጀርመንኛ ሳስተምር ስለ ካርኒቫል ለሚጠይቁኝ ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህን ነው። ይህን ሳይዝ የሄደ እንግዳ የሚያየው ጭንብል ያጠለቀና የጠጣ ሕዝብ ብቻ ነው።

ስሙና ቀኑ

የኮሎኝ ሰዎች በገዛ ዘዬአቸው በዓሉን «ፋስተሎቨንት» ይሉታል፤ የጾም ዋዜማ ማለት ነው። የምዕራብ ክርስቲያኖች ጾም የሚገባው ከፋሲካቸው 46 ቀን ቀደም ብሎ፣ በአመድ ረቡዕ ነው። ካርኒቫሉ ከዚያ በፊት ያለቀለት መሆን አለበት።

የእኛ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነውና ሁልጊዜ ሰኞ ይገባል። ሁለቱ ፋሲካዎች በአንድ ሳምንት ሲለያዩ ታዲያ የኮሎኝ ታላቅ ሰልፍና የሁዳዴ መግቢያ አንድ ቀን ላይ ይውላሉ። የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ሰኞ ነው። በዚያ ቀን ሰልፉን የሚያይ ጿሚ ከረሜላውን ለራሱ፣ የወተት ቸኮላቱን አጠገቡ ለቆመ ሕፃን ያደርጋል። በ2019 ግን ሰልፉ የካቲት 1 ቀን ሲሆን ሁዳዴ የሚገባው ከ4 ሳምንት በኋላ ነው። ጉዞ ከማሰባችሁ በፊት ሁለቱንም የቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን ዘርግታችሁ እዩ።

ከሐሙስ እስከ ማክሰኞ

ወቅቱ በይፋ የሚከፈተው ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው፦ በፈረንጆቹ 11ኛው ወር፣ በ11ኛው ቀን፣ በእነሱ አቆጣጠር በ11 ሰዓት ከ11 ደቂቃ። የጎዳናው ጭፈራ ግን ከአመድ ረቡዕ በፊት ባሉት ስድስት ቀናት ነው።

ሐሙስ የሴቶች ነው። ሴቶች መቀስ ይዘው ይወጣሉ፤ ክራባት ያሰረ ወንድ ሲያገኙ ይቆርጡበታል። ዛሬ የቦን ክፍል በሆነችው በቦይል እ.ኤ.አ. በ1824 ልብስ አጣቢ ሴቶች የራሳቸውን የካርኒቫል ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ ባሎቻቸው ሲጨፍሩ እነሱ ከማጠቢያው ገንዳ ላለመነሣት አሻፈረን ያሉ ሴቶች ናቸው። የሐሙሱ ልማድ ከእነሱ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ለእኔ ከስድስቱ ቀናት ሁሉ ታሪኩ የሚያስደስተኝ ይህ ነው።

ልጆች ይዛችሁ ከሆነ እሑድን ምረጡ። የየሰፈሩ ነዋሪዎችና የትምህርት ቤት ተማሪዎች በእጃቸው በሠሩት ልብስ የሚሰለፉት ያን ቀን ነው፤ ግፊያው ከሰኞው ይቀላል፣ ፊቱም የቅርብ ሰው ፊት ነው።

ሰኞ

«ሮዝንሞንታግ» የሚባለው ሰኞ የበዓሉ አናት ነው። ሰልፉ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ከ10,000 በላይ ሰው ይሳተፍበታል። እግረኛው፣ የማርሽ ባንዱ፣ ግዙፍ አሻንጉሊት የተጫነበት ተሽከርካሪ ተራ በተራ ያልፋል፤ አንድ ቦታ ቆሞ ሁሉንም ለማየት ሰዓታት ይፈጃል። መጨረሻ ላይ የዓመቱ ልዑል ይመጣል። ልዑሉ፣ ገበሬውና ድንግሊቱ የካርኒቫሉ ሦስት ሹማምንት ናቸው። ድንግሊቱን የሚጫወተው ወንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1938 እና በ1939 ብቻ በናዚዎች ዘመን ሴት እንድትሆን ተደርጎ ነበር።

አሁን ያለው የተደራጀ ሰልፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1823 ነው። ያኔ ኮሎኝ በፕሩሲያ እጅ ከገባች 8 ዓመቷ ነበር፤ ከተማዋ ካቶሊክ፣ ገዢው ወታደራዊ። በዚያው ዓመት የተቋቋመው «ቀያዮቹ ፉንከን» የተባለው ማኅበር ዛሬም ቀይና ነጭ የድሮ ወታደር ልብስ ለብሶ፣ ጠመንጃው አፍ ላይ አበባ ሰክቶ፣ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቆ እየተወዛወዘ ይጨፍራል። እንግዳ ሰው ሲያየው የልጅ ጨዋታ ይመስለዋል፤ በወታደራዊ ሥርዓት ላይ የሚሣቅ ሣቅ መሆኑን ካወቃችሁ ግን ውዝዋዜው ትርጉም ያገኛል። በተሽከርካሪዎቹ ላይ የሚወጡት የፖለቲከኛ ምስሎችም የዚያው ልማድ ናቸው። በአፉ ንጉሥን የማይነካ፣ በቅኔ ግን የሚወጋ ሕዝብ ልጆች ነንና ይህን መረዳት ሩቅ አይሆንብንም።

የኮሎኝ ሕዝብ መሣቅ የማይገባበትንም ጊዜ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን የወረረችው የሴቶች ሐሙስ በነበረበት ቀን ነው። አዘጋጆቹ የሰኞውን ሰልፍ ትተው የሰላም ሰልፍ ጠሩ፤ ወደ 250,000 የሚጠጋ ሰው ብዙው የካርኒቫል ልብሱን እንደለበሰ ወጣ።

«ካሜለ!»

ከተሽከርካሪዎቹ ላይ ከረሜላ፣ ቸኮላትና ትንንሽ የአበባ እቅፍ ይወረወራል፤ የጣፋጩ መጠን በየዓመቱ 300 ቶን ገደማ እንደሚሆን ይነገራል። እንዲወረወርላችሁ «ካሜለ!» ብላችሁ ጩኹ፤ ከረሜላ ማለት ነው። ሰላምታው «ኮለ አላፍ» ነው። «ሄላው» ግን የጎረቤቷ የዱሰልዶርፍ ነውና ኮሎኝ ውስጥ ከአፋችሁ አይውጣ።

ልጆች አጠገብ ብትቆሙ ይበጃል፣ ወርዋሪዎቹ እጃቸውን የሚዘረጉት ወደዚያ ነው። ጃንጥላ ገልብጠው የሚቀልቡም አሉ። ተሽከርካሪ ሥር የወደቀውን ግን ለምንም ብላችሁ አታንሡ።

ልብስ፣ ቢራ፣ መንገድ

የካቲት እዚያ ክረምት ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። የካርኒቫሉን ልብስ ከወፍራም ካፖርት በላይ ልበሱ፤ እሱን ሳይለብስ የመጣ ሰው ነው ጎልቶ የሚታየው። አንዳንድ ሰው ፊቱን ጥቁር ቀብቶ ወይም «አፍሪካዊ» ነኝ ብሎ ለብሶ ታዩ ይሆናል። ጀርመኖቹም ራሳቸው የሚከራከሩበት ጉዳይ ነው። ያስከፋችሁ እንደሆነ ከፍቶናል ማለት መብታችሁ ነው፤ እንግድነት ዝም አያሰኝም።

የከተማዋ ቢራ «ኮልሽ» በ0.2 ሊትር ብርጭቆ ይቀርባል። አስተናጋጁ ሳትጠሩት ሌላ ይደግማል፤ ይበቃኛል ለማለት የብርጭቆውን ማስቀመጫ ካርቶን ብርጭቆው አፍ ላይ ክደኑት። ጉንጭ መሳምም ልማድ ነው፤ ያልፈለገ ግን እምቢ ይበል፣ እምቢ የተባለም ይመለስ።

መኪና ይዞ መሃል ከተማ መግባት አይታሰብም። በባቡር ኑ፤ ከዋናው ጣቢያ ስትወጡ ካቴድራሉ ፊታችሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1164 ከሚላኖ የመጣው የሰብአ ሰገል አፅም በወርቅ ሣጥን ውስጥ የሚገኘው እዚያ ነው፤ በከተማዋ አርማ ላይ ያሉት ሦስት ዘውዶችም የእነሱ ናቸው።

ኑበል

በየመጠጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ የተሰቀለ የገለባ ሰው ታያላችሁ፤ ስሙ ኑበል ነው። ማክሰኞ ሌሊት ያወርዱትና ሻማ ይዘው፣ የውሸት ቄስ አቁመው ይከሱታል፦ ገንዘቡን ማን ጨረሰው? ማን አብዝቶ ጠጣ? ሕዝቡ ባንድ ድምፅ ኑበል ይላል። ከዚያ መንገድ ላይ ያቃጥሉታል። ስለ ሁሉም ጥፋት አንድ የገለባ ሰው ይነዳል፤ የሚያለቅስ የሚመስለውን ሲሥቅ፣ የሚሥቅ የሚመስለውንም ከልቡ ሲያለቅስ ታዩታላችሁ። ሰኞ ሰልፉን አይታችሁ ለመመለስ ካሰባችሁ አንድ ሌሊት ጨምሩ።

ረቡዕ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዶ አመድ የሚቀባው ብዙ ነው። ማታ ምግብ ቤቶቹ ዓሣ ያቀርባሉ፤ ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ።