በእምነት የሚገኝ ሰላም



ኃጢአታቸውን ተናዝዘው በካህኑ አማካይነት ስርየት ከተቀበሉ በኋላ እንኳ «እግዚአብሔር በእርግጥ ይቅር ብሎኛልን?» እያሉ የሚጨነቁ ወንድሞችና እኅቶች በየቁምስናው አይጠፉም። መልሱን ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ምእመናን ከጻፈው መልእክት ምዕራፍ 5 እንፈልግ።

1. ሰላም ምንድን ነው?

ሐዋርያው በቁጥር 1 ላይ የሚናገርለት ሰላም ከልብ መረጋጋት ይቀድማል፤ በቁጥር 10 እንደሚያስረዳው የእግዚአብሔር ጠላቶች የነበርነው በልጁ ሞት የታረቅነው እርቅ ነው። በአገራችን ሽማግሌዎች ሲያስታርቁ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ እግር ሥር ይወድቃል። በዚህኛው እርቅ ግን አስቀድሞ የመጣው የተበደለው አምላክ ነው፤ መስቀሉንም የተሸከመው በደል ያልተገኘበት ልጁ ነው።

2. የእምነት ድርሻ

ይህ እርቅ በዋጋ አይገዛም፤ በእምነት የምንቀበለው ስጦታ ነው። የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1547 ዓ.ም. ከጽድቅ በፊት ያለው እምነትም ሆነ ሥራ የጽድቅን ጸጋ በብድራት ሊያስገኝ እንደማይችል አስተምሯል። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንና የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1999 ዓ.ም. በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ በፈረሙት የጋራ መግለጫ፣ ሰው በእግዚአብሔር ዘንድ ተቀባይነት የሚያገኘው በራሱ ብቃት ሳይሆን በክርስቶስ የማዳን ሥራ በማመን፣ በጸጋ መሆኑን በአንድነት መስክረዋል። ማመን ማለትም ራስን ለእርሱ አደራ መስጠት ነው፤ እውነተኛ እምነትም በፍቅር ይሠራል (ገላ. 5፥6)።

3. ልባችን ሲከሰን

በጥምቀት የተቀበልነውን ጸጋ በከባድ ኃጢአት ብናጣ በምሥጢረ ንስሐ እንመለሳለን። ካህኑ የስርየትን ቃል ሲናገር ይቅር የሚለው ክርስቶስ ራሱ ነው። ስለዚህ የሰላም ስሜት ቢዘገይ ይቅርታው አይሻርም፤ እግዚአብሔር ከሚከሰን ልባችን ይበልጣልና (1ዮሐ. 3፥20)። በእውነት ተናዝዘን ስርየት ያገኘንበትን ኃጢአት ከፍርሃት የተነሣ ደጋግመን መናዘዝ አያስፈልገንም፤ ስለ እርሱ ማመስገን ይገባናል።

ነገር ግን የሰው ገንዘብ የወሰደ ይመልስ፤ ወንድሙን ያስቀየመ ይታረቅ። ጌታችን መባ ከማቅረብ አስቀድሞ ከወንድም ጋር መታረቅን አዝዟል (ማቴ. 5፥23-24)። በግዕዝ ሥርዓተ ቅዳሴም የሰላምታው ሥርዓት ከአኰቴተ ቁርባን በፊት መሆኑ ይህንኑ ያስታውሰናል። ከእግዚአብሔር የተቀበልነው ሰላም ለባልንጀራችን ሲደርስ ፍሬውን ያፈራል።

ለውይይት፦
ሀ) ስርየትን አግኝቶ ገና ለሚጨነቅ ሰው ምን እንላለን?
ለ) ወደ ቅዱስ ቁርባን ከመቅረባችን በፊት ልንታረቀው የሚገባን ማን ነው?

የሰላም አምላክ ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።