ሳምንቱን በገበያ ቀን ማሰናዳት፦ ክብደትን ለመቀነስ የምግብ ዕቅድ

የኮሮና ቫይረስ በሽታ (ኮቪድ-19) በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ የኅብረተሰቡ ትኩረት በአብዛኛው በእጅ መታጠብ፣ በአፍና አፍንጫ መሸፈኛና በአካላዊ ርቀት ላይ ነበር። ይህ ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ ቫይረሱ የያዘውን ሰው ሁሉ እኩል አይጎዳም። ዕድሜያቸው የገፋ፣ እንዲሁም የስኳር፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለጽኑ ሕመም ይበልጥ ይጋለጣሉ። ከልክ ያለፈ ውፍረትም ከእነዚሁ ተርታ ይቆጠራል፤ በሆድና በደረት ዙሪያ የተከማቸ ስብ ሳንባ በደንብ እንዳይነፋ ይጫነዋል፣ የሰውነትንም የመከላከል አቅም ያዛባል። ከተጠቀሱት ሥጋቶች መካከል ቤተሰብ በራሱ ማእድ ቤት ሊያስተካክለው የሚችለው ይህንኑ ነው።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ስለ ውፍረት መናገር ለብዙዎች እንግዳ ሊመስል ይችላል። አካባቢው ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ ዓባይና በሽሎ ሸለቆዎች የሚዘረጋ፣ የዝናብ መዛባትና የአፈር መከላት ያጎሳቆለው፣ በምርታማ ሴፍቲኔት የሚታገዙ በርካታ ቤተሰቦች የሚኖሩበት ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በታች የከሱ፣ 8 በመቶዎቹ ደግሞ ከሚገባው በላይ ክብደት ያላቸው መሆናቸውን አሳይቷል። ሁለቱ ችግሮች በአንድ ወረዳ፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ስለዚህ ይህ ትምህርት ለሁሉም የሚሰጥ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ፣ ሲያርምና ዳገት ሲወጣ የሚውል አርሶ አደር አያስፈልገውም። የሚመለከተው በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በመካነ ኢየሱስና በወገዳ ከተማ ተቀምጦ የሚሠራውን ነጋዴ፣ ሹፌር፣ መምህርና የቢሮ ሠራተኛ ነው።

ማን ይቀንስ?

ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ክብደት በኪሎ ግራም ይለካና በሜትር በተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ይካፈላል። ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ ክሳት፣ ከ25 ጀምሮ ከልክ ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ደግሞ ውፍረት ይባላል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 የሆነ ሰው 68 ኪሎ ሲያልፍ ሊያስብበት ይገባል፤ 82 ኪሎ ሲሞላ ውፍረት ከሚባለው ውስጥ ገብቷል። ሚዛን ከሌለ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፤ የወገብ ዙሪያ በሴት ከ80፣ በወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ካለፈ የጤና ሥጋቱ ይጨምራል።

እርጉዝና የሚያጠቡ እናቶች፣ ሕፃናትና በዕድገት ላይ ያሉ ልጆች፣ በቲቢ ሕክምና ላይ ያሉ ሰዎች ክብደት ለመቀነስ ብለው ምግብ ሊቀንሱ አይገባም። ሳይፈልግ እየከሳ የመጣ ሰውም ደስ ሊለው አይገባም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር አለበት።

ወረርሽኙ የለወጣቸው ሁለት ልማዶች

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲታወጅ ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ሚያዝያ 11 ቀን ትንሣኤ ሆነ። ከዚያ እስከ ጰራቅሊጦስ፣ ግንቦት 30 ቀን ድረስ፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መምህሩ ቤት ውሏል፤ የቢሮ ሠራተኛውም ምልልሱ ቀንሷል። ሃምሳ ቀን ሙሉ የፍስክ ምግብ፣ ያውም ከቤት ሳይወጡ። በዚያን ጊዜ ቀበቶው የጠበበው ሰው ብቻውን አልነበረም።

ሆኖም ያው ወረርሽኝ ክብደት ለሚቀንስ ሰው የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮችንም አምጥቷል። አንደኛው፣ ሰው ከሚበዛበት ገበያ መመላለስን መቀነስ ግድ መሆኑ ነበር። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚገበይ ቤተሰብ ሳምንቱን ሙሉ ምን እንደሚበላ አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል፤ የምግብ ዕቅድ የሚባለውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሁለተኛው፣ በየራስ ሰሃን መብላት ነው። ከአንድ ትሪ የሚበላ ሰው ምን ያህል እንደበላ አያውቅም፤ እንጀራው ሲያልቅ ሌላ ይዘረጋል፣ ወጡ ይጨመራል፣ ጉርሻውም ከቁጥር አይገባም። በሰሃን የቀረበ ግን ይታያል፣ ይለካልም። ማእድን በጋራ መቁረስ የሚናፈቅ ልማድ መሆኑ አይካድም፤ ይሁንና በወረርሽኝ ጊዜ መተዉ ከበሽታም ከውፍረትም ይጠብቃል።

ከገበያ በፊት የሚጻፍ አንድ ገጽ

ዕቅዱ ከደብተር በተቀደደ አንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። መጀመሪያ ሰባቱ ቀናት ይጻፉና ጾሙና ፍስኩ ይለያል። የጾም አቆጣጠር ራሱ ያለቀለት ግማሽ ዕቅድ ስለሆነ እንደ አዲስ መፍጠር አያስፈልግም። በረመዳን የሚጾም ቤተሰብም ሱሁርና ኢፍጣሩን በዚሁ መንገድ ሊያሰናዳ ይችላል። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ቀን ለምሳና ለእራት ምን ወጥ እንደሚሠራ ይወሰናል፤ በቤት ያለው እህልና ዱቄት ይታያል፤ የጎደለው ብቻ ይመዘገባል። ገበያ የሚሄደው አንድ ሰው ይሆናል፤ በዝርዝሩ መሠረት ገዝቶ ይመለሳል። ሳይበሉ ገበያ መውጣት አይመከርም። የራበው ሰው ከዝርዝሩ ውጪ ብስኩትና ለስላሳ ይዞ ይመጣል።

አምስት ሰዎች ያሉበትን የአንድ መምህር ቤት ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ጎመን፣ ቆስጣና ቲማቲም ቶሎ ስለሚበላሹ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይመደባሉ፤ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ዱባ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ይቆያሉ። በመጀመሪያው ቀን ምስር ወጥ በጎመን፣ በሚቀጥለው እንቁላል በቲማቲምና በቆስጣ፣ ረቡዕ ሽሮ ከጥቅል ጎመን ጋር፣ ዓርብ የባቄላ ክክ በካሮት ይሆናል። ለቁርስ ቂንጬ፣ ወይም ስኳር ያልገባበት በሶ ይመደባል። ከሰዓት በኋላ ለሚመጣው ረሃብ ደግሞ ንፍሮ ጠዋት ይቀቀላል። ንፍሮ ውኃ ስለያዘ ከቆሎ ይልቅ በጥቂት ጉልበት ሰጪነት ሆድ ይሞላል። ከሰሃኑ ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ጥራጥሬ ወይም እንቁላል፣ ሩቡ እንጀራ ወይም ዳቦ ቢሆን ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ድንች አንድ ነገር መባል አለበት። በደጋው ጋይንትና በእስቴ ድንች ዋና ምግብ ነው፤ መልካም ምግብም ነው። ነገር ግን በዕቅዱ ውስጥ ከእንጀራው ወገን እንጂ ከአትክልቱ ወገን አይቆጠርም። የዓለም የጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ሲል ድንችን አያካትትም። ድንች ወጥ በሚሠራበት ቀን የእንጀራው መጠን በዚያው ልክ ይቀንሳል።

የዘይቱ ጀሪካን

በከተማ ቤቶች ሳይታወቅ ክብደት የሚጨምረው በአብዛኛው ዘይት ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ስታርች ወይም ስኳር ግን 4 ብቻ ይሰጣል። ከላይ የተጠቀሰው የአምስት ሰዎች ቤት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በሦስት ሳምንት ይጨርስ ከነበረ፣ እያንዳንዱ ሰው በቀን ወደ 48 ሚሊ ሊትር ዘይት በልቷል ማለት ነው። ያው ጀሪካን አምስት ሳምንት እንዲቆይ ቢደረግ ድርሻው ወደ 29 ሚሊ ሊትር ይወርዳል። ልዩነቱ ለአንድ ሰው በቀን ከ150 ኪሎ ካሎሪ በላይ ነው፤ ይህን በእግር ጉዞ ለማቃጠል ግማሽ ሰዓት ያህል በፍጥነት መሄድ ያስፈልጋል። ዘዴው ቀላል ነው። ጀሪካኑ የተከፈተበት ቀንና ማለቅ ያለበት ቀን በላዩ ላይ ይጻፋል፤ ዘይት ወደ ድስት በቀጥታ አይንቆረቆርም፣ በሾርባ ማንኪያ ይለካል፤ ሽንኩርቱም መጀመሪያ በውኃ ይቁላላል። ቅቤም በዚሁ ስሌት ይገባል። ለሕፃናት ገንፎ የሚጨመረው ዘይት ወይም ቅቤ ግን አይነካም።

የጾም ምግብ ሁልጊዜ ያቀጥናል ማለትም ስሕተት ነው። በዘይት የተትረፈረፈ ሽሮና ፓስታ፣ ከሰዓት በኋላ የሚበላ ሳምቡሳ የሥጋውን ቦታ በሚገባ ይተካሉ።

ስኳር በስሌቱ ያነሰ አይደለም። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው ወደ 50 ግራም ስኳር ወስዷል፤ የሚመረጠው ግን ከ25 ግራም ባይበልጥ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን ወደ 30 ግራም ይደርሳል። ጠላና አረቄም ጉልበት ሰጪ መጠጦች ናቸው። አረቄ ኮሮናን ያጠፋል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብልም ለወጡ ጣዕም እንጂ ለቫይረሱ መድኃኒት አይደሉም።

«ምነው ከሳህ?»

በወገዳም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል የወፈረ ሰው ተመችቶታል ይባላል፤ የቀነሰውን ሰው ደግሞ «ምነው ከሳህ፣ ምን ነካህ?» ብሎ መጠየቅ ልማድ ነው። ይህ ጥያቄ ብዙ ዕቅድ አፍርሷል። «በሞቴ» ተብሎ የሚጨመረውን እንጀራ እምቢ ማለትም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ዕቅዱ የአንድ ሰው ምስጢር ሳይሆን ማእድ የምታሰናዳው እማወራና መላው ቤተሰብ የሚያውቁት መሆን አለበት፤ ዘመድ ቤት ለሚበላበት ቀን ወይም ለዝክርና ለማኅበርም አስቀድሞ ቦታ ይተውለታል። በዚያ ቀን ትንሽ ቢበዛ በማግሥቱ ምግብ መዝለል አያስፈልግም፤ ወደ ወረቀቱ መመለስ ብቻ ነው። ማቅጠኛ ተብለው የሚሸጡ ክኒኖችና የሚያስቀምጡ ቅጠሎች ከሰውነት ውኃ እንጂ ስብ አያወጡም፤ ለጉዳትም ይዳርጋሉ።

በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ በቂ ነው። 82 ኪሎ የሚመዝን ሰው 4 ኪሎ ያህል፣ ማለትም ከክብደቱ 5 በመቶ፣ ቢቀንስ የደም ግፊቱና በደሙ ውስጥ ያለው የስኳር መጠን መሻሻል ይጀምራል። ሚዛኑ በየቀኑ ሳይሆን በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት ይታያል። የኢንሱሊን መርፌ ወይም የስኳር ክኒን የሚወስዱ ሰዎች ግን የምግብ መጠናቸውን ከመለወጣቸው በፊት ጤና ባለሙያ ማማከር አለባቸው። መድኃኒቱ ሳይስተካከል ምግቡ ብቻ ሲቀንስ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል፤ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ግራ መጋባት ከታየ ወዲያውኑ በስኳር የጣፈጠ ሻይ ጠጥተው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርባቸዋል። ታማሚው ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይሰጠው በፍጥነት ወደ ሕክምና ይወሰዳል።